የሕንድ ወላጆችን ከማወደሳችን በፊት ወረፋውን እንቁጠረው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በትምህርት ዓምዳችሁ ላይ የሕንድ ወላጆችን እያወደሰ የእኛን የሚወቅሰውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የጎግሉን ሱንዳር ፒቻይንና የማይክሮሶፍቱን ሳትያ ናዴላን ይጠቅሱና፣ የሕንድ አባት ልጁን ምን መሆን ትፈልጋለህ እያለ ጊዜ አያባክንም፤ መሐንዲስ ወይም ሐኪም ትሆናለህ ብሎ ይቆርጥለታል፣ ልጁም ይሆናል፤ እኛ ግን ልጆቻችንን እያሞላቀቅን ነው ይሉናል። አማርኛቸው ያምራል። እኔ ግን በዚያ አገር ልክ እንደዚያ ያለ አባት ቤት ፎቁን ተከራይቼ አራት ዓመት ስለኖርኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በቀላሉ ከሚታረመው ልጀምር። ናዴላ ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን ሰው አይደለም። የሕንድ ወላጅ ሁሉ የሚመኘውን የሕንድ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ አይ አይ ቲ የሚሉትን፣ የመግቢያ ፈተና ወድቋል፤ ይህንንም ራሱ ጽፎታል። የተማረው ማኒፓል ውስጥ ባለ የግል የምህንድስና ኮሌጅ ነው። በልጅነቱ ይመኝ የነበረው ለሃይደራባድ ክሪኬት መጫወትና በኋላ ባንክ ቤት መቀጠር ነበር። አባቱ የአገሪቱን እጅግ ከባድ የመንግሥት አስተዳደር ፈተና ያለፉ ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበሩ፤ ልጃቸው ሲወድቅ ግን ከመቆጣት ይልቅ ነገሩ ፈገግ እንዳሰኛቸው ይናገራል። ፒቻይ በእርግጥ የአይ አይ ቲ ልጅ ነው፤ በካራግፑር ብረታ ብረት ምህንድስና አጥንቷል። ስለ ካራግፑር በኋላ እመለስበታለሁ።

በ2002 ዓ.ም. ከየዩኒቨርሲቲው ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ሕንድ ከተላኩት መምህራን አንዱ ነበርኩ። የደረሰኝ አንድራ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቪሻካፓትናም፣ ነዋሪዎቿ ቪዛግ እያሉ በሚጠሯት የባሕር ዳር ከተማ። በዚያ ዘመን አመሻሽ ላይ በባሕሩ ዳር ስትሄድ አማርኛ መስማት ብርቅ አልነበረም። አከራዬ በከተማዋ የብረት ፋብሪካ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሰው ነበሩ። እንደ አገሩ ልማድ እሳቸውን “አንክል”፣ ባለቤታቸውን “አንቲ” እላቸዋለሁ። በበዓል ቀን ሳህን ሙሉ ጣፋጭ ሳይልኩልኝ ውለው አያውቁም። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ይህንን አስቀድሜ መናገር አለብኝ።

በዚያ አገር አሥረኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ “ኤም ፒ ሲ ወይስ ባይ ፒ ሲ?” የመጀመሪያው ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ነው፤ ወደ ምህንድስና ያስኬዳል። በሁለተኛው የሒሳብን ቦታ ባዮሎጂ ይወስድና መንገዱ ወደ ሕክምና ይሆናል። ኢኮኖሚክስና ታሪክ ያለባቸው ሌሎች ዘርፎችም አሉ፤ ጎረቤት ሲጠይቅ ግን ስማቸውን አያነሣም፤ ልጁ እዚያ የገባበት ቤትም እንደ በሽታ ይደብቀዋል።

የአከራዬ ልጅ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ያገኘውን ወረቀት ሁሉ በመርከብ ሥዕል ይሞላዋል። ቪዛግ የሕንድ ባሕር ኃይል የምሥራቅ ዕዝ መቀመጫ ናት፤ በባሕሩ ዳርቻም ኩርሱራ የምትባል ሶቪየት ሠራሽ ሰርጓጅ መርከብ ከአገልግሎት ወጥታ ሙዚየም ሆናለች። እዚያ ይዞኝ ሄዶ እያንዳንዱን ቧንቧ፣ እያንዳንዱን አልጋ፣ መርከቧ የት የት እንደ ዘመተች ሲያስረዳኝ አስጎብኚው ሥራውን ትቶ አብሮን ይሰማ ነበር። የታሪክ መምህር ቢሆን የሚያምርበት ልጅ መስሎ ታየኝ። ማንም ግን ምን መሆን ትፈልጋለህ ብሎ አልጠየቀውም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ኤም ፒ ሲ ገባ።

የገባበት አዳሪ ኮሌጅ ሕንጻ እንጂ ሜዳ አልነበረውም። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይነሣሉ፤ ማታ አራት ሰዓት ተኩል ይተኛሉ። በየሳምንቱ ፈተና አለ። ከፈተናው በኋላ ተማሪው በውጤቱ እየተደለደለ ክፍል ይቀይራል፤ ዝቅ ያለው ልጅ ከጎበዙ መምህር ወደ ደካማው ይወርዳል፣ እንግዲህ ከዚያ እንዴት እንደሚወጣ እግዜር ይወቀው። ውጤት በሚወጣበት ሰሞን ጋዜጦች ሙሉ ገጻቸውን በልጆች ጉርድ ፎቶግራፍ ይሞላሉ፤ ቴሌቪዥኑም “አንደኛ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ” እያለ ደረጃ ሲለፍፍ ይውላል። የወደቁትን ፎቶግራፍ የሚያወጣ የለም። ጸሐፊያችንም ከሩቅ ያዩት ያንኑ ማስታወቂያ ይመስለኛል።

ልጁ ታላቅ እኅት ነበረችው። ሒሳብ የምትችለው እሷ ነበረች። ወንድሟ ለዕረፍት ሲመጣ ያልገባውን ካልኩለስ እያስረዳችው ድምፃቸው በደረጃው በኩል እስከ እኔ ክፍል ይሰማል። እሷን ግን ኤም ፒ ሲ ግቢ ያላት ሰው የለም፤ ንግድ እንድትማር ተፈቀደላት። አንክል “ልጄ የወደደችውን መርጣለች” እያሉ በኩራት ያወሩት ነበር። የአዳሪው ክፍያ የሚበቃው ለአንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ የእሷ ድርሻ ለሠርጓ ተቀምጧል። ምርጫ የተሰጣት ምንም ስላልተጠበቀባት ነው። በእኛ ዘንድ ጥሎሽ የሚሄደው ከወንዱ ቤት ወደ ሴቷ ነው፤ እዚያ ግን የሚከፍለው የሴቷ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣ ሕግ ቢከለክለውም ልማዱ ሕጉን የሰማ አይመስልም፤ መሐንዲስ ሙሽራ፣ በተለይም አሜሪካ ያለ፣ ዋጋው ሌላ ነው። እንግዲህ የወንድ ልጅ ዲግሪ ለቤተሰቡ ከዕውቀት በላይ ምን እንደሆነ አንባቢ ይገምት።

አሁን “ልጁም ይሆናል” ወደምትለዋ ቃል ልምጣ። ሕንዶች መቶ ሺህን “ላክ” ይሉታል፤ የፈተና ወሬ ከላክ በታች አይወራም። እ.ኤ.አ. በ2024 የአይ አይ ቲ የመጀመሪያ በር ለሆነው ፈተና የተቀመጡት 14 ላክ ያህል ናቸው። ሃያ ሦስቱ ኢንስቲትዩቶች በጠቅላላው የነበራቸው ቦታ ደግሞ 17 ሺህ 700 ገደማ ነው። እርግጥ ያ ፈተና ለሌሎች ኮሌጆችም ያገለግላል፤ ወላጅ የሚያልመው ግን ስለ ሌሎቹ አይደለም። በዚያው ዓመት ለሕክምና ከ23 ላክ በላይ ተፈተኑ፤ ቦታው ከ1 ላክ ጥቂት ቢበልጥ ነው፣ ወደ ግማሽ የሚጠጋውም የግል ኮሌጆች ስለሆነ መሬት ያስሸጣል። የዚያ ዓመት የሕክምና ፈተና መጀመሪያ 67 ልጆች 720 ከ720 አመጡ ተብሎ ሲታወጅ፣ የጥያቄ ወረቀቱ ቀድሞ ወጥቷል በሚል ክስ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ፈተናው እንዳለ ይደገም የሚለውን አልተቀበለም። አባትየው ቆረጠለትም አልቆረጠለትም፣ ከመቶ ልጆች ዘጠና ስምንቱ በአይ አይ ቲ በር አይገቡም። ጸሐፊያችን የቆጠሩልን ሁለቱን ነው።

ወረፋው ራሱን የቻለ ከተማ ፈጥሯል። በራጃስታን፣ በቻምባል ወንዝ ዳር ኮታ የምትባል የፋብሪካ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቪኖድ ኩማር ባንሳል የተባለ የፋብሪካ መሐንዲስ ጡንቻን በሚያዳክም በሽታ እየተያዘ ሲሄድ፣ በቤቱ የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ ልጆችን ማስጠናት ጀመረ። ተማሪዎቹ አለፉ፤ ወሬው ተዛመተ፤ ፋብሪካው በ1997 ሲዘጋ ከተማዋ በማስጠናት መኖር ቀጠለች። ዛሬ ከየክፍለ ግዛቱ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች እየመጡ በጠባብ ክፍል ተከራይተው ያጠናሉ። ብዙዎቹ በስም የተመዘገቡበት ትምህርት ቤት አላቸው፤ ደጁን ግን አይረግጡም። ታልዋንዲ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ስለታቸውን በእጃቸው ይጽፋሉ፤ አይ አይ ቲ አስገባኝ፣ ቤተሰቤን አታሳፍርብኝ የሚል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያች ከተማ ከሃያ በላይ ተማሪዎች ሕይወታቸውን አጠፉ። በነሐሴ አስተዳደሩ ትእዛዝ አወጣ፤ በየተከራዩበት ክፍል ያለው የጣራ ማራገቢያ ክብደት ሲያርፍበት የሚወርድ ሞላ ይገጠምለት አለ። ይህንን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ማራገቢያውን አስተካከሉት። በተከታዩ ጥር የትምህርት ሚኒስቴሩ ዕድሜያቸው ከአሥራ ስድስት በታች የሆኑትን አስጠኚ ተቋማት እንዳይቀበሉ መመሪያ አወጣ። ከልጆቹ አንዱ የአከራዬ ልጅ ሊሆን ይችል ነበር እያልኩ ነው መመሪያውን ያነበብኩት።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የሕንድ ወላጅ ጨካኝ ነው ለማለት አይደለም። አንክልን አንድ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ ልጁ መርከብ ይወዳል እኮ ብያቸው ነበር። “መርከብ ይወዳል፤ እኔ ስታመም ግን መርከቡ ሐኪም ቤት አይወስደኝም” አሉኝ። በዚያ አገር አብዛኛው ሽማግሌ ጡረታ የለውም፤ ጡረታው ልጁ ነው። የመንግሥት ደመወዝ ደግሞ በዚያ የኑሮ ስሌት ውስጥ እንደ ርስት ነው። ስለ ካራግፑር እመለሳለሁ ብዬ ነበር፦ ፒቻይ በተማረባት በዚያችው ከተማ፣ በባቡር ጣቢያው፣ ማሄንድራ ሲንግ ዶኒ የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ትኬት ይመረምር ነበር። በኋላ የሕንድ ክሪኬት ቡድን አምበል ሆኖ በ2011 የዓለም ዋንጫን ያነሣው እሱ ነው። ያንን የመንግሥት ሥራ ትቶ ሲሄድ ስንት ሰው አብዷል ብሎት እንደሚሆን እኛ ሐበሾች አናጣውም። ሕንዶቹ “ሎግ ክያ ካሄንጌ” የሚሉት፣ ሰው ምን ይላል ማለት ነው፤ ይሉኝታ እዚያም ቤት አለው። በሰሜኑ አገር ሁልጊዜ ከልጅህ የሚበልጥ “የሻርማ ጂ ልጅ” የሚባል ጎረቤት አለ፤ ሲፈለግ አይገኝም እንጂ።

ጸሐፊያችን ያደነቋቸውን ሰዎች ያስገኘው የወላጅ ቁጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ቁጣስ በእኛም ቤት ሞልቷል። የካራግፑሩ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1951 የተከፈተው እንግሊዞች የነጻነት ታጋዮችን ያስሩበት በነበረ ሥፍራ ነው። ለቦምቤዩ ሶቪየቶች፣ ለማድራሱ ምዕራብ ጀርመኖች፣ ለካንፑሩ አሜሪካኖች ረድተዋል። መንግሥት ከድሃ ሕዝብ ግብር ከፍሎ ለጥቂቶች ጥሩ ትምህርት ቤት ሠራ፤ አሜሪካ በ1965 የስደተኞች ሕጓን ስትቀይር የተማረውን እየመረጠች ወሰደች። በወንፊት ሁለት ጊዜ ተነፍቶ የወጣውን አይተን፣ የአስተዳደግ ጥበብ ነው ማለት አይቻልም።

እኛን በተመለከተ የሕንድ ትምህርት እንግዳችን አይደለም። አባቴ ሒሳብ የተማሩት ከኬረላ ከመጡ መምህር ነው፤ በጃንሆይ ዘመን ከእነዚያ መምህራን ጋር ያልተዋወቀ የአውራጃ ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። አባቴ ዛሬም ማባዛት ሲሳሳቱ የመምህራቸውን እንግሊዝኛ እየቀዱ ራሳቸውን ይገሥጻሉ። ከእነዚያ መምህራን ብዙዎቹ አገራቸውን ጥለው የመጡት እዚያ ዲግሪ ተይዞ ሥራ ስለጠፋ እንደነበር ግን አይነገርም። እኛም በራሳችን አቆጣጠር በ2000ዎቹ ዓመታት ከመቶ ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ብለን ሞክረነዋል፤ እኔም ክፍል ውስጥ ያስተማርኩት ያንን ትውልድ ስለሆነ፣ ቁጥር ለመሙላት የገባ ልጅ ዓይኑ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሹን ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ናቸው። በር እንዲህ በጠበበበት አገር ወላጅን በልጅህ ላይ ጨክን ብሎ መምከር የሚጠቅመው አስጠኚ ቤት ለሚከፍተው ነው።

ባለፈው ወር የአከራዬ ልጅ በዋትስአፕ ደወለልኝ። አንክል ደህና ናቸው፤ ልባቸው ግን ደክሟል፣ ሐኪም ቤትም የሚያመላልሳቸው እሱ ነው። ሜካኒካል መሐንዲስ ሆኖ ፋብሪካ ገብቶ ነበር፤ ደመወዙ ስላልበቃው አሁን ሃይደራባድ ውስጥ በአንድ አስጠኚ ተቋም ፊዚክስ ያስተምራል። ስንት ሰዓት ብለው ከጠየቁኝ፣ ከንጋት ጀምሮ ነው። መርከብስ አልኩት። ሳቀና ወሬ ለወጠ።

“ያንተስ ልጅ?” አለኝ።

“አሥረኛ ክፍል ገባች።”

“ኤም ፒ ሲ ወይስ ባይ ፒ ሲ?”

እኔም ሳቅኩ። በእኛ አገር “ናቹራል ወይስ ሶሻል” ነው የሚባለው አልኩት፤ ናቹራል ነው የምትገባው አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ልጄ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

“መቼ ተነጋገርን?” አለችኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ከሐዋሳ