የሥነ ጥበብ ክበብ፦ ብርሃን ያለፈበት ቅርጽ

ክበባችን በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የእርሳስ ንድፍና የውኃ ቀለም ሲለማመድ ቆይቷል። ሥራዎቹ በየኮሪደሩ ስለተሰቀሉ እነሱን አልፌ፣ አባላቱ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ስላቆሙት ቅርጽ ልጻፍ።

መነሻችን የናውም ጋቦ ሥራዎች ፎቶግራፎች ነበሩ። በ1890 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ውስጥ የተወለደው ይህ ቀራጺ ጥርት ባለ ፕላስቲክ ላይ የናይለን ክር እየወጠረ፣ ሰውም እንስሳም የማይመስሉ ቅርጾች ሠርቷል። ልጆቹ «ቲቸር፣ ግን ምንድን ነው?» እያሉ ወጥረው ያዙኝ። በቃል ከማስረዳት ማሠራት ይሻላል ብዬ አመንኩ።

የሃይላንድ ጠርሙስ ሰብስበው ቆራረጡ፤ ባለቀለም የደብተር መሸፈኛ ላስቲክ ጨመሩበት፤ ሁሉንም በሽቦ አያያዙት። ትልቁ ግኝት የመጣው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ፕላስቲኩን በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትገው ነው። ያልተፈተገው ከኋላው ያለውን ነገር ያሳያል። የተፈተገው ግን ጥቃቅን ጭረቶቹ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትኑት፣ ከውስጡ የሚበራ ይመስላል። ከዚያ ቀን በኋላ ብርጭቆ ወረቀት ከእጃቸው አልወጣም።

ቀለሙም አስተማሪ ነበር። ቢጫው ላስቲክ ከብርሃኑ ሰማያዊውን ያስቀራል፣ ሰማያዊው ደግሞ ቀዩን፤ ሲደራረቡ የሚተርፈው አረንጓዴ ነው። ቀይ ሲታከልበት ሊጨልም ይደርሳል። ስለዚህ የት መደረብ፣ የት ክፍት መተው እንዳለበት ብዙ ተከራከሩ። እኔ በበኩሌ የዓመቱን ምርጥ ትምህርት ያየሁት በዚያ ክርክር ውስጥ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄደንም ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች አየን። ሥዕሉ ያረፈበትን ብርሃን ወደ ዓይናችን ይመልሳል፤ የእኛ ቅርጽ ግን አሳልፎ ወለሉን ያቀልመዋል። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም ቀለሙን የሚያገኘው ከሚያልፍበት ብርሃን ነው። አባላቱ እሱን በአካል እንዲያዩት አጥብቄ እመኛለሁ።

ቅርጹን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ በምሥራቁ መስኮት በኩል ስናቆመው የልጆቹ ጥያቄ ተለወጠ። «ምንድን ነው?» ቀርቶ «በስንት ሰዓት ነው የሚያምረው?» ሆነ። ጠዋት ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ቀለሙ እስከ መደርደሪያዎቹ ይዘረጋል፤ ቀትር ላይ ይሰበሰባል፤ ከሰዓት ይደበዝዛል። አንዳንዶች ድብዝዙን ይመርጣሉ፤ ጭረቶቹ የሚለዩት ያኔ ነውና ልክ ናቸው።

ቅርጹ እስከ ዓመቱ መዝጊያ እዚያው ይቆያል። ወላጆችም ተማሪዎችም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ መጥታችሁ፣ ዙሪያውን እየዞራችሁ እዩት።