ጨረቃን ለማስኮብለል ስንት ቦምብ ይበቃል? የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ የተሰበሰበው የቆዩ የቴሌቪዥን ሳይንሳዊ ልብወለዶችን ለማየት ነበር። ያየነውን በስሌትና በሙከራ ሳንፈትን ግን አልተበተንንም። ሐሳቡን ያመጡት ተማሪዎቹ ሲሆኑ ዓላማቸውም ግልጽ ነበር፦ ስሕተት መልቀም። እኔም የፊዚክስ መምህር ነኝና በደስታ ተቀበልኳቸው።

የመጀመሪያው ስሕተት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተለቀመ። በኅዋ ውስጥ መርከብ ሲፈነዳ ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ ይሰማል። ድምፅ ያለ አየር ወይም ያለ ሌላ ቁስ እንደማይጓዝ ሁሉም ከመማሪያ መጽሐፉ ያውቀዋል፤ በጆሮው ያረጋገጠ ግን አልነበረም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ደወል በመስታወት ክዳን ሥር አስቀምጠን አየሩን በፓምፕ መምጠጥ ጀመርን። በመጀመሪያው ቀን አልሆነልንም፤ በክዳኑ ሥር አየር እየሾለከ ስለሚገባ ደወሉ መጮኹን ቀጠለ። በሳምንቱ ተማሪዎቹ የክዳኑን ጠርዝ ዙሪያውን ግራሶ ቀቡት። ድምፁ ቀጠነ፣ የትንኝ ያህል ሆነ፣ ጠፋ። መዶሻዋ ግን አሁንም ደወሉን ትመታለች። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ዓይኗን ከመዶሻዋ ሳትነቅል “መምህር፣ እያየሁት እንዴት አይሰማኝም?” አለችኝ። አየሩን ቀስ ብለን ስንለቅ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው እየቀረበ ተመለሰ። ይህን ሙከራ ብዙ ጊዜ አሳይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ትንፋሽ ተውጦ የታየበት ጊዜ ግን አላስታውስም።

የዓመቱ ትልቁ ሥራችን እ.ኤ.አ. በ1975 መታየት የጀመረው የእንግሊዞቹ “ስፔስ 1999” ነበር። በታሪኩ በጨረቃ ላይ የተከማቸ የኑክሌር ቆሻሻ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1999 ይፈነዳና ጨረቃን በላይዋ ከሚኖሩት 311 ሰዎች ጋር ከምሕዋሯ አስወጥቶ ወደ ከዋክብት ይሰድዳታል። ተማሪዎቹ “አይሆንም” ብለው ሊያልፉት ሲሉ “በምን ያህል አይሆንም?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ይህ ጥያቄ ሦስት ዓርብ ወሰደብን። ጨረቃ ምድርን የምትዞረው በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘች ነው፤ ከምድር ስበት ለማምለጥ በሰከንድ 1.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስፈልጋታል። ልዩነቱ ከቁብ የሚገባ አይመስልም። ነገር ግን የሚገፋው 73 ሺህ 500 ቢሊዮን ቢሊዮን ኪሎ ግራም ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1961 ያፈነዳችው 50 ሜጋቶን ቦምብ እስከ ዛሬ ከፈነዱት ሁሉ ትልቁ ነው። ጨረቃን ለማስኮብለል ከዚያ ቦምብ 180 ቢሊዮን ገደማ ያስፈልጋል፤ ያውም የአንዱም ኃይል ሳይባክን። ቁጥሩ በሰሌዳው ላይ ከተጻፈ በኋላ ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ተነሣ፦ “ከምድር ብታመልጥስ ፀሐይ ትለቃታለች?” አትለቃትም። ከምድር ርቀት ላይ ሆኖ ከፀሐይ ስበት ለመውጣት በሰከንድ 42 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይጠይቃል። በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው የናሳ መንኮራኩር ቮዬጀር 1 እንኳ የቅርባችን ኮከብ የሆነው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ያለበትን 4.2 የብርሃን ዓመት ለመጨረስ 75 ሺህ ዓመት ገደማ ይወስድበታል። በፊልሙ ግን ጨረቃ በየሳምንቱ አዲስ ዓለም ትደርሳለች።

ከዚህ በኋላ ፊልሙን ይንቁታል ብዬ ነበር። እነርሱ ግን ቀጣዩን ክፍል ጠየቁ። አደጋው የማይሆን ነው፤ ከአደጋው በኋላ ሰዎቹ የሚጨነቁበት ነገር፣ ማለትም ምግቡ ይበቃል ወይ፣ ማን ይወስናል፣ እንውረድ ወይስ እንቆይ የሚለው ግን የሚሆን ነው ብለው ተከራከሩኝ። ያንን አንድ ሐሰት መነሻ አድርገው ተቀብለውታል። የሚያናድዳቸው ታሪኩ ራሱ ያወጣውን ሕግ ሲጥስ ነው። እኔም በዚህ አሳምነውኛል።

እ.ኤ.አ. በ1966 የጀመረው “ስታር ትሬክ” ሰዎችን አፍርሶ በሌላ ቦታ መልሶ የሚገነባ ማሽን አለው። የተፈጠረው በሳይንስ ምክንያት አልነበረም፤ መርከብ በየሳምንቱ በየፕላኔቱ ሲያርፍ ማሳየት ለአዘጋጆቹ ውድ ስለሆነባቸው ነው። የሰው አካል 7 ቢሊዮን ቢሊዮን ቢሊዮን ገደማ አቶም አለው። ተማሪዎቹ ለእያንዳንዱ አቶም አንድ ባይት ብቻ መድበው፣ በሰከንድ አንድ ጊጋባይት ቢላክ አንድ ሰው ለማስተላለፍ 220 ቢሊዮን ዓመት እንደሚፈጅ አሰሉ። የዩኒቨርስ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው! ከብርሃን የሚፈጥነው የመርከቡ ጉዞ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አልወደቀልንም። ሜክሲኳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሚጌል አልኩቤሬ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጥናት፣ ከመርከቡ ፊት ያለው ኅዋ ቢሸበሸብና ከኋላው ያለው ቢለጠጥ የአይንስታይን እኩልታዎች እንደማይከለክሉት አሳይቷል። ለርዕሱም “ዋርፕ ድራይቭ” የሚለውን የሳይንሳዊ ልብወለድ ስም ተጠቅሟል። ችግሩ አሉታዊ ኃይል፣ ማለትም ከባዶ ኅዋ እንኳ ያነሰ ኃይል፣ መጠየቁ ነው፤ በሚበቃ መጠን ያገኘው የለም።

አንድ ዓርብ ግን ስሌት ሳንነካ ተለያየን። በ“ስታር ትሬክ” መርከብ ላይ የመገናኛ መኮንን ሆና የተጫወተችው ጥቁር አሜሪካዊት ኒሼል ኒኮልስ፣ ራሷ እንደመሰከረችው፣ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ልትለቅ ስትል አትልቀቂ ያሏት ማርቲን ሉተር ኪንግ ናቸው። በኋላም ለናሳ ሴቶችንና ጥቁሮችን የሚመለምል ዘመቻ መርታለች። በልጅነቷ እርሷን በቴሌቪዥን ታይ የነበረችው ዶክተር ሜይ ጄሚሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ኅዋ የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። ይህን ስነግራቸው ደወሉን ዓይኗን ሳትነቅል ያየችው ልጅ ስሙን በደብተሯ ጽፋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ያልደረስንበት የሰው ሠራሽ ስበት ነው። በእነዚያ መርከቦች ወለል ላይ ሁሉም እንደ ቤቱ ይራመዳል፤ እንዴት እንደሆነ የሚነግረን የለም። በደቂቃ ሁለት ጊዜ የሚሽከረከር ጎማ መሰል መርከብ የምድርን ስበት ያህል እንዲሰማን 224 ሜትር ራዲየስ እንደሚያስፈልገው ተማሪዎቹ አስልተዋል፤ ሙከራው ለመጪው ዓመት ይቆያል። በመጨረሻው ዓርብ አንዱ ውሃ የሞላ ባልዲ በገመድ አስሮ በጭንቅላቱ ዙሪያ አሽከረከረ። አንዲት ጠብታም አልፈሰሰችም፤ ወዲያው ሌሎቹ ተራ ያዙ።