የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አንድ ዓመት ከአብርሃም ሊንከን ጋር

የታሪክ ክበባችን ባለፉት ዓመታት በየሳምንቱ አዲስ ርእስ ያነሣ ነበር። መስከረም ላይ በአክሱም ሐውልቶች የተጀመረው ውይይት ኅዳር ላይ የፈረንሳይ አብዮት ውስጥ ይገኝና፣ ሰኔ ሲደርስ አባላቱ ስለ ብዙ ነገር ጥቂት ጥቂት ሰምተው ይለያያሉ። ዘንድሮ ግን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰው ላይ ለመቆየት ወሰንን። በመጀመሪያው ስብሰባ ከቀረቡት ስድስት ስሞች መካከል በድምፅ ብልጫ የተመረጠው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበረው አብርሃም ሊንከን ሲሆን፣ ስሙን ያቀረበችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሰጠችው ምክንያት «ሁሉም ያመሰግነዋል፤ ለምን እንደሚመሰገን ግን ማንም በዝርዝር አይነግረንም» የሚል ነበር። በዚህ ዘገባ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ሥራው የተጀመረው በሰዋስው ክርክር ነው። የሕይወት ታሪኩን እንዲጽፉ የተመደቡት አባላት ሊንከንን «እሱ» እንበለው ወይስ «እርሳቸው» በሚለው ላይ ሳይስማሙ ሁለት ሐሙስ አለፈ። አንደኛው ጸሐፊ እስከ 1860 ድረስ «ሄደ፣ አነበበ» ሲለው ቆይቶ፣ ፕሬዚዳንት ከሆነበት ገጽ ጀምሮ «ሄዱ፣ አነበቡ» ማለቱ ሁላችንንም አሳቀን። በመጨረሻ የብዙዎቹን የታሪክ መጻሕፍት ልማድ ተከትለን ነጠላውን መረጥን፤ ንቀት እንዳልሆነ አንባቢ ይወቅልን።

ሊንከን በ1809 በኬንታኪ ግዛት ከግንድ በተሠራች ጎጆ ተወለደ፤ በሰባት ዓመቱ ቤተሰቡ ወደ ኢንዲያና ተሻገረ፤ በዘጠኝ ዓመቱ እናቱ ሞተችበት። መደበኛ ትምህርት የተከታተለባቸው ጊዜያት ሁሉ ቢደመሩ አንድ ዓመት አይሞሉም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለአንድ መምህር የማይመች ነው፤ ከትምህርት የቀረበትን ምክንያት የጠየቅሁት አንድ አባል «ሊንከንም ቀርቷል» ብሎ መልሶልኛል። እኔም የሕግ መጻሕፍትን በራሱ አንብቦ በ1836 የጥብቅና ፈቃድ እንዳገኘ፣ የኮንግረስ አባል ከሆነ በኋላ እንኳ፣ ከአርባ ዓመት ዕድሜው ግድም፣ የዩክሊድን ስድስት የጂኦሜትሪ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ እንዳጠና ነገርሁት። ልጁ በማግስቱ ትምህርት ቤት ተገኝቷል፤ ዩክሊድን ግን አልጠየቀኝም።

በመጀመሪያው ሩብ ዓመት በግድግዳ ጋዜጣችን ሁለት ስሕተት ሠርተናል፤ ሁለቱንም ፈርሜ ያሳለፍኋቸው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው «ሰውን ሁሉ ሁልጊዜ ማታለል አይቻልም» የሚለውን አባባል በሊንከን ስም በትልቅ ፊደል መለጠፋችን ነው። አባባሉ ዓለም ሁሉ የእሱ ነው ቢለውም፣ በሕይወት ሳለ በተመዘገበ ንግግሩም ሆነ በጽሑፉ ውስጥ አይገኝምና አወረድነው። ሁለተኛው ከፊደላችን የመጣ ነው። በ1858 ከሊንከን ጋር በኢሊኖይ ሰባት ጊዜ አደባባይ ወጥቶ የተከራከረው ስቲቨን ዳግላስ ነጭ ሴናተር ሲሆን፣ ፍሬድሪክ ዳግላስ ደግሞ በ1838 ከባርነት አምልጦ ታላቅ ተናጋሪና ጋዜጠኛ የሆነ ጥቁር ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ስማቸው በአንድ ፊደል ይለያል፤ በአማርኛ ግን ሁለቱም ዳግላስ ናቸው። በዚህም ሳቢያ «የባርነት ጉዳይ በየግዛቱ ሰፋሪዎች ድምፅ ይወሰን» የሚለው የሴናተሩ አቋም በፍሬድሪክ ፎቶግራፍ ሥር ሦስት ቀን ተለጥፎ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም አባል የመጀመሪያውን ስም ሳይጠራ «ዳግላስ» እንዳይል ደንብ አወጣን።

አባላቱን ያሳዘነው የሊንከን የቀድሞ አቋም ነበር። ባርነትን ክፉ ነው እያለ፣ ባለበት ቦታ በፌዴራል መንግሥት ኃይል እንዲሻር አልጠየቀም፤ የታገለው ወደ አዳዲሶቹ ግዛቶች እንዳይስፋፋ ነው። የደቡብ ሰዎች ግን ይህንንም አልታገሡትም። በ1860 ከ40 በመቶ ባነሰ የሕዝብ ድምፅ ሲመረጥ፣ ገና ቃለ መሐላ ሳይፈጽም ሰባት ግዛቶች ተገነጠሉ፤ ኤፕሪል 12 ቀን 1861 የፌዴራሉ ጦር የነበረበት የሰምተር ምሽግ በተገንጣዮቹ ተደበደበና ጦርነቱ ተጀመረ።

የዓመቱ ምርጥ ስብሰባችን በሁለተኛው ሩብ ዓመት የተደረገው ነው። የቤተ መጻሕፍቱን ዴስኮች ወደ ግድግዳ ገፍተን በወለሉ ላይ የአሜሪካን ግዛቶች በጠመኔ ሣልን፤ ባርነት በሚፈቀድባቸው ግዛቶች ላይ አንዳንድ አባል ቆመ። እኔ የጃንዋሪ 1 ቀን 1863ን የነፃነት አዋጅ ቃል በቃል ሳነብ፣ አዋጁ የጠራው ግዛት ላይ የቆመ ሁሉ እንዲቀመጥ ተነገረ። አዋጁ እንደ ግጥም የሚነበብ ጽሑፍ አይደለም፤ የግዛትና የወረዳ ዝርዝር ነው። ቴክሳስ ተቀመጠ፤ አላባማ፣ ሚሲሲፒ፣ ጆርጂያ ተቀመጡ። ንባቡ ሲያልቅ ግን ደላዌር፣ ሜሪላንድ፣ ኬንታኪ፣ ሚዙሪና ቴነሲ እንደ ቆሙ ነበሩ፤ በሉዊዚያና ላይ ከቆሙት ሁለት ልጆች የኒው ኦርሊንስ አካባቢው አልተቀመጠም። ኬንታኪ ላይ የቆመችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ዙሪያዋን አይታ «የተወለደበት አገር ባሪያ ነፃ አልወጣም ማለት ነው?» ስትል ጠየቀች።

አልወጣም። ሊንከን አዋጁን ያወጣው በጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥነቱ፣ ባመፁት ግዛቶች ላይ የሚወሰድ የጦርነት እርምጃ አድርጎ ነው፤ ባላመፁት ላይ ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ያለ ሥልጣን አይሰጠውም። በእነዚያ ላይ የሞከረው ሌላ መንገድ ነበር፤ ለባለቤቶቹ ካሣ እየተከፈለ ባርነት ቀስ በቀስ እንዲቀር ደጋግሞ ለመናቸው፣ እነሱም እምቢ አሉት። በዋና ከተማዋ በዋሽንግተን ብቻ ኮንግረስ ኤፕሪል 1862 ባወጣው ሕግ ካሣ እየተከፈለ ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች ነፃ ወጥተዋል። ከዚህ ጋር፣ ኬንታኪ ከእጁ ብትወጣ ጦርነቱን እንደሚሸነፍ ያምን ነበር። ልጅቷ ይህን ሁሉ ሰምታ «ገብቶኛል፤ ግን አልተቀመጥሁም» አለች። በቃለ ጉባኤው ላይ ይህ እንዲጻፍ አዝዣለሁ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሐሙስ የቀን መቁጠሪያ ተራ የደረሰው አባል የ1862ን ክንውኖች በሰሌዳው ላይ ዘረዘረ። ጁላይ 22 ሊንከን የአዋጁን ረቂቅ ለካቢኔው አነበበ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሲዋርድ ሐሳቡን ሳይቃወም፣ ጦሩ እየተሸነፈ ሳለ ቢታወጅ የጭንቅ ጩኸት ይመስላልና ድል እስኪገኝ ይቆይ ሲል መከረው። ሊንከንም ረቂቁን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ኦገስት 22 ለጋዜጣ አዘጋጁ ለሆራስ ግሪሊ በጻፈው ደብዳቤ ዋና ዓላማው የአገሪቱን አንድነት ማዳን መሆኑን፣ አንድም ባሪያ ሳያወጣ ሊያድናት ቢችል ያንን እንደሚያደርግ፣ ሁሉንም በማውጣት ሊያድናት ቢችልም ያንን እንደሚያደርግ ገለጸ። ሴፕቴምበር 17 በአንቲተም ጦርነት ጠላት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ከአምስት ቀን በኋላ የመጪው አዋጅ ቅድመ ማስታወቂያ ወጣ። ልጁ ጠመኔውን እንደያዘ ቆም አለና «መምህር፣ ደብዳቤው ሲጻፍ እኮ ረቂቁ መሳቢያው ውስጥ ነው!» አለ። ደብዳቤውን በየዓመቱ ሳስተምር የኖርሁ እኔ፣ ሁለቱን ቀኖች እንዲህ ጎን ለጎን አስቀምጬ አላውቅም ነበር።

ታዲያ ሊንከን ይዋሽ ነበር? ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ክርክሩም ሦስት ሳምንት ወሰደ። የእኔ አስተያየት አልዋሸም የሚል ነው። ደብዳቤው ከሚጠቅሳቸው አማራጮች አንዱ አስቀድሞ የወሰነው ነበረ፤ ስለ ባሪያዎቹ ሳይሆን ስለ አገሩ አንድነት ብቻ የሚጨነቀው የሰሜን ሰው አዋጁ ሲመጣ እንዳይደነግጥ መንገድ ይጠርግ ነበር። በደብዳቤው መዝጊያ ላይ ደግሞ በየትኛውም ቦታ ያለ ሰው ሁሉ ነፃ እንዲሆን የግል ምኞቱ መሆኑን ሳይሸሽግ አስፍሯል።

«ዘግይቷል» የሚለው ቡድን ግን ያቀረበው ማስረጃ ቀላል አልነበረም። በዚያው ኦገስት ሊንከን ጥቁር ተወካዮችን ወደ ቤተ መንግሥቱ ጠርቶ ወገኖቻቸው አገር ለቀው ወደ ውጭ ቢሰፍሩ እንደሚሻል መክሯቸዋል፤ ይህን ሲያነቡ አዳራሹ ጸጥ አለ። ተቃራኒው ቡድን በአዋጁ በር ተከፍቶላቸው ወደ 180,000 የሚጠጉ ጥቁሮች በሰሜኑ ጦር መሰለፋቸውን ጠቀሰ። ዳኛ ያደረግነው ፍሬድሪክ ዳግላስን ነው። እሱ ሊንከንን በአካል የሚያውቅ፣ ሲያዘግምም ያለ ርኅራኄ የነቀፈው ሰው ነበር። በ1876 በዋሽንግተን የመታሰቢያ ሐውልት ሲመረቅ ባደረገው ንግግር፣ ከባርነት ተቃዋሚዎች ወገን ሆነው ሲያዩት ሊንከን ዘገምተኛና ቀዝቃዛ እንደሚመስል፣ ይመራው ከነበረው ሕዝብ ስሜት አንጻር ሲመዘን ግን ፈጣንና ቆራጥ እንደነበረ ተናግሯል። ሁለቱም ቡድኖች አሸነፍን ብለው ወጡ።

አዋጁ በተፈረመበት ዕለት ሊንከን ለአዲስ ዓመት እንግዶች ሰዓታት ሙሉ እጅ ሲጨብጥ ስለ ዋለ ክንዱ ደንዝዞ ነበር። ብዕሩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው፤ እጁ ቢንቀጠቀጥ ፊርማውን ያየ ሁሉ «አመንትቶ ነበር» እንደሚል በቦታው ለነበሩት ነግሯቸው፣ ጥቂት ቆይቶ በዝግታ ፈረመ። አባሎቻችን ይህን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመልሱ ታኅሣሥ 23 ቀን 1855 ዓ.ም. ብለው ጻፉ፤ ዛሬ ጃንዋሪ 1 የሚውለው በታኅሣሥ 23 ነውና። ነገር ግን አውሮፓውያን በ1900 የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ስላልቆጠሩ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ልዩነት በአንድ ቀን ያንሳል፤ ትክክለኛው ታኅሣሥ 24 ነው። አፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በስምንተኛው ዓመት ማለት ነው። እሳቸውም የባሪያ ንግድን በአዋጅ ከልክለው እንደነበር፣ ንግዱ ግን እንዳልቆመ አንድ አባል አስታወሰን።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የኖቬምበር 19 ቀን 1863ን የጌቲስበርግ ንግግር ተረጎምን። በዚያ የጦር ሜዳ መካነ መቃብር ምረቃ ላይ ዋናው ተናጋሪ ኤድዋርድ ኤቨሬት ሁለት ሰዓት ያህል ሲናገር፣ ሊንከን ሁለት ደቂቃ ገደማ ብቻ ወሰደ። ንግግሩ የአሜሪካ ነፃነት ከታወጀበት ከ1776 ጀምሮ ያለውን 87 ዓመት በአሮጌ የመጽሐፍ ቅዱስ አነጋገር በመቁጠር ይጀምራል። «ከሰማንያ ሰባት ዓመት በፊት» ብሎ መተርጎም የሂሳብ መዝገብ ያስመስለዋል ተብሎ ተከራከርን፤ ዳዊት የደገመ አንድ አባል «የዘመኖቻችን ዕድሜ ሰባ ዓመት፣ ቢበረታም ሰማንያ ዓመት ነው» የሚለውን ጠቅሶ «ሰማንያ ከሰባት ዓመት» የሚለውን አስጸደቀ። መዝጊያውን ስንደርስ ግን ቋንቋችን ራሱ ሠራልን። እንግሊዝኛው ሦስት መስተዋድድ እየደረደረ የሚናገረውን አማርኛ በሦስት ፊደል ብቻ እየለወጠ «የሕዝብ፣ በሕዝብ፣ ለሕዝብ» ይለዋል። ይህንን በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ በሚኒ ሚዲያው አነበብነው፤ ማይክሮፎኑ መሐል ላይ ቢጠፋም ልጅቷ ድምጿን ከፍ አድርጋ ጨረሰችው።

ለወላጆች ቀን ያዘጋጀነው ድራማ ኦገስት 23 ቀን 1864ን የሚያሳይ ነበር። ሊንከን በምርጫው እንደሚሸነፍ ስላመነ፣ ከተሸነፈ ከተመራጩ ጋር ተባብሮ አገሪቱን ለማዳን እንደሚሠራ በወረቀት ጽፎ አጠፈውና ሚኒስትሮቹ ሳያነቡት በጀርባው እንዲፈርሙ አደረገ። ልጆቹ የታጠፈውን ወረቀት በየተራ ሲፈርሙ ጥሩ ይዘውት ነበር፤ የጦር ሚኒስትሩ ተራ ሲደርስ የሊንከን የጥጥ ጢም ወረቀቱ ላይ ወደቀ። ተዋናዩ ጢሙን አንሥቶ «ይህንንም ፈርምልኝ» ማለቱ ያልተጻፈ ቢሆንም ከድራማው ሁሉ የተጨበጨበለት ይኸው ነው። የእውነተኛው ሊንከን ጢምም በአንዲት የ11 ዓመት ልጅ ምክር የተጀመረ ነው፤ ግሬስ ቤደል የተባለች ልጅ በ1860 ጢም ቢያሳድግ ፊቱ እንደሚያምር ጽፋለት ነበር።

ሊንከን ምርጫውን አሸነፈ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1865 ባርነትን በመላው አገሪቱ የሚሽረው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በተወካዮች ምክር ቤት 119 ለ56 አለፈ፤ ኤፕሪል 9 የደቡቡ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሊ እጁን ሰጠ፤ በአምስተኛው ቀን ሊንከን በፎርድ ቴአትር ተተኮሰበትና በማግስቱ ሞተ። ማሻሻያው በግዛቶቹ ጸድቆ የጸናው ዲሴምበር 6 ነው። ኬንታኪ ላይ ቆማ የነበረችው ተማሪ በመጨረሻው ስብሰባ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ኬንታኪ ማሻሻያውን በ1865 ውድቅ አድርጋ ያጸደቀችው በ1976 መሆኑን ደርሳበታለች። ሕጉ ያለ ኬንታኪ ድምፅም በኬንታኪ ስለ ጸና፣ በጠመኔው ካርታ ላይ መቼ መቀመጥ እንደነበረባት ጠየቀችኝ። በ1865 ዲሴምበር አልኋት።

እሷው ባቀረበችው ሐሳብ የሚቀጥለው ዓመት ርእሳችን በአገራችን ባርነት የቀረበት ሂደት ይሆናል፤ ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ከገባችው ቃል ጀምረን ባርነትን እስከ ሻረው የ1934 ዓ.ም. አዋጅ እንሄዳለን። አዋጁ የወጣበትን ነጋሪት ጋዜጣ ከወዲሁ መፈለግ ጀምረናል። ቅጂው ቤቱ ያለ ወላጅ ቢኖር፣ ዘወትር ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ እንገኛለን።