የሰንጢ ዋጋ እስከ ስንት ያዋጣል?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በቅርቡ ስለ እጅ መሣሪያዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው «ምንጊዜም ውዱን ግዙ፤ ርካሽ ሁለቴ ያስከፍላል» ብለዋል። ምሳሌ ያደረጉት ደግሞ ሰንጢን ነው። ግማሹ ሐሳብ ውሃ ያነሳል። ግማሹ ግን ኪስ ያራቁታል። እኔ በሰንጢ እንጀራዬን የምበላ ሴት ነኝ፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ሥራዬ አቮካዶ ግራፍት ማድረግ ነው፤ ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ባለ ችግኝ ጣቢያ። ከዘር የበቀለውን ችግኝ አናቱን እቆርጥና መሐሉን እሰነጥቃለሁ። ሃስ ከሚባለው ዝርያ የመጣውን እርሳስ የሚያክል ቅርንጫፍ ደግሞ ጫፉን በሁለት በኩል ጠርቤ ሽብልቅ አደርገዋለሁ። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ሽብልቁ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ አረንጓዴ ሽፋን ከችግኙ ሽፋን ጋር መግጠም አለበት። ሁለቱ የሚያያዙት እዚያች ላይ ነው። ከዚያ በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ማሰር። ስለቱ አንዴ ሲሄድ ለስላሳ ፊት ትቶ ካለፈ ጥሩ። ደጋግሞ ከፋቀ ግን መሐል ላይ ክፍተት ይቀራል፤ ቅርንጫፉም ውሎ አድሮ ይጠቁራል።

መናኸሪያ አካባቢ ሸራ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠው ሰንጢ 200 ብር ገደማ ነው። ሲያዩት ያብረቀርቃል። ጠዋት ፀጉር ይላጫል፤ ረፋድ ላይ ቅርፊት ይጎትታል። ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ ስለቱ ይታጠፋል። ከስለቱ ደነዝነት በላይ የምፈራው ግን መገጣጠሚያውን ነው። ምስማሩ ይላላና ስለቱ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። መቆለፊያው ከከዳ ደግሞ ጣት ላይ ይዘጋል። ለዚህኛው ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ለሸንኮራ እንኳን አልመክርም።

ትንሽ ከፍ ሲባል ነገሩ ይለወጣል። ከ200 ወደ 2 ሺህ ብር ስትሄዱ የሚጨመረው ጥራት ብዙ ነው። ከ20 ሺህ ወደ 40 ሺህ ስትሄዱ የሚጨመረውን ግን በእጅ መለየት ይከብዳል።

እኔ የምሠራበት የአክስቴ ልጅ ከፈረንሳይ ሲመጣ ያመጣልኝ ኦፒኔል ነው፤ 8 ቁጥር የሚባለው። ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ሳቮዋ በሚባል ተራራማ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ የገበሬ ሰንጢ ነው። እጀታው እንጨት፣ መቆለፊያው ደግሞ የሚዞር የብረት ቀለበት ነው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። እዚያው አገሩ ከ20 ዩሮ ብዙም አያልፍም። የስዊዞቹ ቪክቶሪኖክስም ያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ለአገራቸው ጦር ሰንጢ ሲያቀርቡ ኖረዋል። የብረታቸው ጥንካሬ በሮክዌል መለኪያ 56 አካባቢ ነው፤ በዓለም ካለው ጠንካራ ብረት ጋር አይወዳደርም። ሆን ብለው ነው፤ ወታደሩ ሜዳ ላይ በቀላሉ ሊስለው ይገባል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ መስቀል ያለበት ቀይ ሰንጢ ሁሉ የእነሱ አይደለም። ስለቱ ሥር ላይ ስማቸው ተቀርጾ ካላያችሁ ብራችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ።

አሁን ወደ ውዱ እንምጣ። የችግኝ ጣቢያችን ባለቤት ከአሜሪካ የተላከለት ሰንጢ አለው። ኤስ30ቪ ከሚባል ብረት የተሠራ ነው፤ ዋጋው 200 ዶላር ገደማ መሆኑን ራሱ ነግሮናል። ማን ጠየቀህ አላልነውም። እውነቱን ለመናገር ስለቱ ይቆያል። ብረቱ ውስጥ ቫናዲየም አለበት፤ ከካርቦን ጋር ሲዋሃድ በጣም ጠንካራ ቅንጣት ይሠራል። መደነዙ ግን አይቀርም። ያን ጊዜ እኛ ጋ ያለው ተራ ድንጋይ አይበላውም፤ ቅንጣቱ ከድንጋዩ ይጠነክራል። የአልማዝ መሳያ ይፈልጋል። ውድ ሰንጢ የገዛ ሰው ውድ መሳያም አብሮ መግዛቱን ይወቅ። በዚያ ላይ የስለቱ ጀርባ ወፍራም ነው። ለስላሳ ቅርንጫፍ ሲነካ መቁረጡን ትቶ ይፈለቅቃል። ብረቱ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ቅርጹ ወፍራም ቢሆንም ከስስ ርካሽ ሰንጢ አያንስም የሚል ካለ መጥቶ ሃስ ይጥረብበት። ባለቤቱም ሰንጢውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦታል፤ ፖስታ ሲመጣ ይከፍትበታል።

ከ400 ዶላር በላይ የሚሸጡም አሉ። እጀታቸው ታይታኒየም ነው፤ ሲከፈቱና ሲዘጉ ልብ ይሰርቃሉ። ለሰብሳቢ ይሁንለት፣ አልቀናም። ሥራ ላይ ግን ያ ሁሉ ብር የሚሄደው ለውበት፣ ለስምና ለ«ሾው» ነው።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ፍተሻ። ባንክ ልገባ ስል ጥበቃው ቦርሳዬን ይከፍታል። «እህቴ፣ ይሄ ደግሞ ለምንሽ ነው?» «ለአቮካዶ» ብል ማን ያምነኛል? አንዳንዱ ስቆ ያስቀምጥልኛል፤ አንዳንዱ ፊቱን ያጠቁራል። አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው በእጅ ሻንጣው ከያዘው መሰናበቱ ነው። ችግኝ መሐል የሚወድቀውም ብዙ ነው። ለዚህ ስል እጀታው ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ፤ አለበለዚያ የእንጨት እጀታ አፈር ላይ ከወደቀ አይታይም። እንዲህ በየሰበቡ የሚጠፋ ዕቃ ላይ የወር ደሞዝ ማፍሰስ ምን የሚሉት ነው?

ብር ያለው ሰው ለመሳያ ያውጣው ባይ ነኝ። እዚህ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሄዳችሁ ዓሣ የሚያወራርዱትን ልጆች እጅ ተመልከቱ። ቢላቸው ከመሳል ብዛት ጠቦ እንደ ቄጠማ ቀጥኗል፤ እጀታው በብስክሌት ጎማ ተጠቅልሏል። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሲያነሱት ግን አጥንቱ ላይ ሥጋ አይቀርም። ምስጢሩ አጠገባቸው ያለው ድንጋይ ነው፤ በየመሐሉ ሁለት ሦስቴ ሸርተት ያደርጉታል። በተቃራኒው ደህናውን ሰንጢ ለግራይንደር የሚሰጥ ሰው አለ። ብልጭታው ያምራል፤ ብረቱ ግን ይግላል። ስለቱ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ጥንካሬው ሄዷል፤ የ200 ዶላሩም ቢሆን ከዚያ ወዲያ ከሸራው ሰንጢ አይሻልም። ስለት በበረኪና ማጽዳትም ያው ነው፤ ስቴንለሱን ሳይቀር ይበላዋል። እኛ አልኮል ነው የምንጠቀመው።

የአገራችንን ቀጥቃጭም አትርሱ። ከመኪና ባሌስትራ የሚሠራው ቢላ ይዝጋል እንጂ ስለቱ አይታማም፤ ባሌስትራ ደህና ካርቦን ያለው ብረት ነው። ዘይት ቀባ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። የሚታጠፍ የሚሠራ ግን ብዙ አላየሁም፤ ለኪስ አይሆነኝም።

ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። እንደዚያም ሆኖ ለሥራ ሰንጢ የኔ ጣሪያ 5 ሺህ ብር ነው። ለምን 5 ሺህ? ነገ ቢጠፋብኝ አዝኜ፣ ተናድጄ፣ ግን ሥራ ሳላቆም ሌላ መግዛት የምችልበት ልክ ስለሆነ ነው። ደሞዙ ከኔ የሚሻል ጣሪያውን ከፍ ያድርግ።

ጸሐፊው በሌላ ጊዜ ስለ መሳያ ድንጋይ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል። አንድ ወገኑ ሻካራ፣ ሌላው ልስልስ የሆነው ድንጋይ እዚህ ሐዋሳ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫዎች ውስጥ ይገኛል፤ ሻጮቹ ግን የትኛው ወገን ቀድሞ እንደሚመጣ ሲጠየቁ ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። ሻካራው ነው የሚቀድመው።

ከአክብሮት ጋር
የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ
ሐዋሳ