የፒዲኤፍ ማንበቢያው ገጹን ለአንባቢው ይልቀቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰው የፒዲኤፍ ፋይል የሚከፍተው ሊያነብ ነው። የዛሬዎቹ ማንበቢያ ፕሮግራሞች ግን ፋይሉ ገና ሲከፈት የስክሪኑን አንድ ጎን «ፈርም»፣ «አርም»፣ «አዋህድ» በሚሉ ምልክቶች ይሞሉታል። ብዙዎቹ ሲነኩ ክፍያ የሚጠይቁ ናቸው።

በትንሽ ላፕቶፕ ላይ እናስላው። 1366 በ768 ፒክስል የሆነ ስክሪን ሜኑው ከላይ፣ የዊንዶውስ መስመር ከታች ወስደውበት ለገጹ 600 ፒክስል ቁመት ቢተርፈው፣ ሙሉ የኤ4 ገጽ ስፋቱ 424 ፒክስል ብቻ ይሆናል። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ስለሚያትም፣ ከኅዳጉ ሌላ ለአማርኛው 200 እንኳ አይደርሰውም። በዚህ መጠን «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» የምትለየው የአናት ሰረዝ ትጠፋለች። ስለዚህ ገጹን በስፋቱ መዘርጋት ግድ ነው፤ የጎን ሰሌዳው የሚቀማን ደግሞ ያንኑ ስፋት ነው።

አዶቤ የተባለው ኩባንያ በሠራው ማንበቢያ በአክሮባት ሪደር ላይ ኮንትሮልና ኤች አንድ ላይ ሲጫኑ ገጹ ብቻውን ይቀራል፤ ኮንትሮልና 2 በስክሪኑ ስፋት ልክ ይዘረጋዋል። ሰሌዳው በየፋይሉ እንዳይመለስ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው ገጽታ ኤዲት፣ ፕሪፈረንስስ፣ ዶክዩመንትስ ገብቶ የቱልስ ፔን (የጎን ሰሌዳው) ሁኔታ እንዲታወስ የሚለው ላይ ምልክት ማድረግና ሰሌዳውን መዝጋት ነው። በ2023 የመጣው ገጽታ መሣሪያዎቹን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቡክማርኩን ከግራ ወደ ቀኝ አዙሯል፤ ስንት ዓመት የለመደ እጅ ባዶ ቦታ ይነካል። ሜኑው ውስጥ «ዲሴብል ኒው አክሮባት» የሚል ካለ ወደ ቀድሞው ይመልሳል። በቀድሞው ገጽታ ሜኑው ድንገት ከጠፋም ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን አያስፈልግም፤ ኤፍ9 ሳይታወቅ ተነክቶ ይሆናልና ደግሞ መንካት ይበቃል።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ፍለጋው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ በንጉሡ ሠ የተጻፈውን «ሠራተኛ» በእሳቱ ሰ የፈለገ ሰው አያገኘውም፤ ለፕሮግራሙ ሁለቱ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ሰውየው ሕጉ ዝም ብሏል ብሎ ፋይሉን ይዘጋል፤ መብቱ ግን እዚያው ተጽፏል። ለጊዜው «ራተኛ» ብሎ መፈለግ በሁለቱም ሰ የተጻፈውን ያመጣል፤ ሙሉ ቃል ብቻ እንዲፈለግ የሚያደርገው ምርጫ መጥፋቱን ማረጋገጥ ነው። ይህም ባዶ ከመለሰ አንድ ቃል ቀድቶ ኖትፓድ ላይ መለጠፍ ያሻል። የተመሰቃቀለ የላቲን ፊደልና ምልክት ከወጣ ጽሑፉ ከዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደላት መለያ ቁጥር፣ ውጭ በሆነ የድሮ ፎንት የተሠራ ነው፤ ቃሉ ጭራሽ አልመረጥም ካለ ስካን የተደረገ ምስል ነው። ፕሮግራሙ ግን ለሁሉም «አልተገኘም» ይላል።

እንግሊዝኛ ሲፈለግ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንደ አንድ የሚቆጥር ፕሮግራም «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»ን፣ «ሰ፣ ሠ»ን፣ «አ፣ ዐ»ን፣ «ጸ፣ ፀ»ን እንዲሁ ማድረግ አይከብደውም። ሠሪዎቹን እንጠይቃቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏልና፣ አዋጅና መመሪያ የሚለቁ መሥሪያ ቤቶችም ፋይሉን ከማውጣታቸው በፊት ራሳቸው አንድ ቃል ይፈልጉበት፤ ካልተገኘ በዩኒኮድ ፎንት አዘጋጅተው ይልቀቁት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ