የፍሊፐሩ ቀለም ተልጦ ሳያልቅ እንድረስለት

አዲስ አበባ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ያደጋችሁ ፍሊፐሩን ታስታውሱታላችሁ። ትክክለኛ ስሙ ፒንቦል ነው፤ እኛ ግን እንደ ጣሊያኖቹ ፍሊፐር ነበር የምንለው። ባለ አራት እግር ሣጥን፣ ከላዩ መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር የምትሯሯጥ የብረት ኳስ። በግራና በቀኝ ያሉትን ቁልፎች ስትጫን ሁለት አጫጭር ክንዶች ኳሷን ይመልሷታል። ካመለጠችህ አለቀ፤ ሌላ ስሙኒ ታወጣለህ።

ስሙኒው ደግሞ ማሽኑ ውስጥ አይገባም ነበር። ቀዳዳው የተሠራው ለጣሊያን ሳንቲም፣ ለሊሬ ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ባለቤቱ ስሙኒውን ተቀብለው ኪሳቸው ይከቱታል። ከዚያ ትንሿን በር ከፍተው በጣታቸው አንዲት ሽቦ ይነካሉ። ማሽኑ ቀጭ ይላል። ተጀመረ ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንደሩ ለልማት ሲነሳ ጋሼ ማሽኑን ለእኛ ሰጡን። "ለቁራሌው እንዳትሸጡት" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አሁን ከአራዳ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ አንድ ወዳጃችን በነፃ በሰጠን ክፍል ውስጥ ቆሟል። ከአንድ ጆተኒና ከሁለት የዳማ ሰሌዳ ጋር ለሰፈሩ ልጆች ልንከፍተው ነው። ውስጡ ተጠግኗል። አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ወራት ለፍቶበት ኳሷ ዳግም ትሮጣለች። ለጥገናው ያዋጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። የዛሬው ጥሪ ስለ ውስጡ አይደለም። ስለ ቀለሙ ነው።

ማሽኑ የቦሎኛው የዛካሪያ ፋብሪካ ሥራ ነው። ዛካሪያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ጣሊያን ውስጥ ፍሊፐር ይሠራ ነበር። ሣጥኑ ኮምፔንሳቶ ነው። የዚያን ዘመን ሣጥኖች ጎን ላይ ያለው ሥዕል የተለጠፈ ወረቀት አይደለም። ቅርጹ ተቆርጦ የወጣለት ሰሌዳ እንጨቱ ላይ ይደረግና ቀለም ይረጭበታል። ቀጥሎ ሌላ ሰሌዳ፣ ሌላ ቀለም። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ቀዩ ሰማያዊው ላይ በፀጉር ያህል አልፎ ገብቶበታል። የሰው እጅ የሠራው ለመሆኑ ምስክሩ ያ ነው። እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው።

በግራ ጎኑ ካሉት ኮከቦች አንዱ የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማሽኑን የተረከብን ሰሞን ጥቀርሻው አስጠልቶኝ ጨርቅ በቲነር ነክሬ ወለወልኩት። ጥቀርሻው ለቀቀ። ኮከቡም አብሮ ለቀቀ። ጨርቁ ላይ ቀይ ሆኖ ሳየው ሆዴ ባዶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነው የምናብሰው።

ቀለሙን የሚበላው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የተጫዋቹ እጅ ነው። መዳፍ ያልባል፣ ቀለበትና ሰዓት ይፍቃል። ቁልፎቹ ዙሪያ እንጨቱ ባዶውን የቀረው ለዚህ ነው። ሁለተኛው የራሱ እግር ነው። እያንዳንዱ የብረት እግር በሁለት ብሎን ማዕዘኑ ላይ ይታሰራል። ተጫዋቹ ማሽኑን ነቅነቅ ባደረገ ቁጥር ብረቱ ቀለሙን ይፈጫል። ነቅነቅ የማያደርግ ደግሞ የለም! ስንጥቁ ከብሎኑ ይነሳና ወደ ሥዕሉ ይሄዳል።

ፀሐይም አለች። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቀለም የሚያፈዘው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። ክፍላችን መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቀጥታ ቀኝ ጎኑ ላይ ታርፋለች። ቀዩ ከወዲሁ ወደ ሮዝ እያዘነበለ ነው።

የሚያሳስበኝ ግን ከሁሉም በላይ ከሣጥኑ ጫፍ ላይ ቆሞ ከተጫዋቹ ፊት ለፊት ያለው የሥዕል መስታወት ነው። ሥዕሉ የታተመው ከመስታወቱ ጀርባ ነው። ከኋላው አምፖሎች ይበራሉ። ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቅና ይረግፋል። ከታች ጥግ ላይ የጥፍር ያህል ረግፏል። የቀረውን እንዲይዘው ግልጽ ቀለም ርጩበት የሚሉን አሉ። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እኛ ግን ገና አልደፈርንም፤ አንዴ ከተረጨ መመለሻ የለውም።

"ለምን ሙሉውን አታስቀቡትም?" የሚለን ብዙ ነው። ከእኛው መካከልም አንዱ ጎበዝ ቀለም ቀቢ አምጥቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያምርም ነበር። ግን ያኔ ጋሼ ቤት የነበረው ፍሊፐር አይደለም፤ አዲስ ቁምሳጥን ነው። ተከራክረን ተከራክረን የተስማማነው ይህን ነው፦ የጠፋውን አንመልስም፣ የቀረውን እንጠብቃለን፣ ነገ ሊነሳ የማይችል ነገርም አናደርግበትም።

ስለዚህ በእያንዳንዱ እግርና በሣጥኑ መሃል የሚገባ ከዝገት ነፃ የሆነ ላሜራ እናስቆርጣለን። እግሩ ላሜራውን ይጫን እንጂ ቀለሙን አይነካም። በላሜራውና በእንጨቱ መሃል ጨርቅ ይገባል። ለዚህ የከረንቡላ ጠረጴዛ ጨርቅን የሚያህል አላገኘንም፤ ወፍራም ነው፣ ለስላሳም ነው። ቁልፎቹ ዙሪያም እንደዚሁ ስስ ላሜራ ይገባል፤ የቁልፉ ማሰሪያ ራሱ ይይዘዋል። ግልጽ ፕላስቲክ መለጠፍ ይረክስ ነበር። ነገር ግን ያረጀ ቀለም ላይ የተለጠፈ ነገር ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ነው የሚሄደው። ከሥዕሉ መስታወት ጀርባ ያሉት አምፖሎች ብዙ በማይሞቁ ኤልኢዲ ይቀየራሉ። ለመስኮቱ ወፍራም መጋረጃ፣ ለማታ ደግሞ የጨርቅ ልብስ ይሰፋለታል። ሸራ አይሆንም፤ ክረምት ላይ እርጥበት ያፍናል፣ ኮምፔንሳቶም ካበጠ ንጣፉ ይላቀቃል።

ለዚህ ሁሉ 46,500 ብር ያስፈልገናል። እስካሁን 19,000 ብር አዋጥተናል። የጎደለው 27,500 ብር ነው። ብዙውን የሚወስደው ላሜራውና አምፖሉ ነው።

ኑሮው እንዲህ በከበደበት ጊዜ ለመጫወቻ ቀለም ብር መለመን ያሳፍራል ወይ? ትንሽ ያሳፍራል። የዕድር ክፍያ ያለበት፣ የልጅ ትምህርት ቤት ያለበት ይህን ጥሪ አንብቦ ይለፈው፤ አንቀየምም። አንድ ማኪያቶ ትቶ መስጠት የሚችል ግን አይናቀን። ከ50 ብር ጀምሮ እንቀበላለን። ደረሰኝ አለን፤ ወጪውም በየሳምንቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል።

ብር ብቻም አይደለም። መርካቶ ላሜራ የምትቆርጡ፣ የግማሽ ቀን ሥራችሁን ስጡን። ፑል ቤትና ከረንቡላ ቤት ያላችሁ፣ ስትቀይሩ የምትጥሉትን ጨርቅ አትጣሉት። ውጭ አገር ያላችሁ የሰፈር ልጆች፣ ስትመጡ ሻንጣችሁ ውስጥ 6.3 ቮልት የሆኑ ትናንሽ የፍሊፐር ኤልኢዲዎች ጣል አድርጉልን። 40 ያህል ይበቃናል።

አንድ ሌላ ነገር። በድሮ ጊዜ ፍሊፐሩን ተደግፎ ፎቶ የተነሳ አይጠፋም። አልበማችሁን አገላብጡ። ጥቁርና ነጭም ቢሆን አምጡት፤ ፎቶ አንስተንበት ወዲያው እንመልሳለን። እኔ በግሌ ያ ኮከብ ስንት ጫፍ እንደነበረው ማየት እፈልጋለሁ። አምስት ነው እላለሁ፣ ጓደኛዬ ስድስት ነው ይላል።

ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ክፍሉ ክፍት ነው። ገንዘብ ያዣችን እዚያው ትጠብቃችኋለች፤ በቴሌብር ለሚቀላችሁም ቁጥሩ በሩ ላይ ተለጥፏል። መጥታችሁ አንድ ዙር ሳትጫወቱ አትሄዱም። በሩ አጠገብ ግን ሰሃን አለ፤ ቀለበትና ሰዓታችሁን እሱ ላይ አስቀምጣችሁ ነው የምትገቡት።