የሥነ ፈለክ ክበብ፦ ክላስተሮች ሲጋጩ ያየነው

ዘንድሮ ክበባችን ከፕላኔቶቹ ሰፈር ወጥቶ ራቅ ብሎ ነው የከረመው። ልጆቹ የጋላክሲ ክላስተሮችን ግጭት መረጡ፤ እኔም ደስ እያለኝ ተከተልኳቸው።

አንድ ክላስተር በመቶዎች፣ ሲበዛም በሺዎች የሚቆጠሩ ጋላክሲዎችን ይይዛል። በመካከላቸው ያለው ቦታ ግን ባዶ አይደለም። ሙቀቱ በአሥር ሚሊዮኖች ዲግሪ የሚለካ ስስ ጋዝ ሞልቶታል። ሁለት ክላስተሮች ሲጋጩ ጋላክሲዎቹ እምብዛም ሳይነካኩ ይተላለፋሉ። ጋዙ ግን ይላተምና በሰከንድ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚገሰግስ የሾክ ሞገድ (ጋዙን በድንገት የሚጨምቅና የሚያሞቅ ሞገድ) ይነሳል።

ነገሩ የጣመን ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነውን፣ «ቋሊማ» የሚል ቅጽል የወጣለትን፣ በእንዲህ ያለ ግጭት የተነሳ የሬዲዮ ቅስት (የሬዲዮ ሞገድ የሚለቅ ቀስት መሰል ጭረት) ምስል በትልቁ አትመን ጠረጴዛ ላይ ስንዘረጋ ነው። ርዝመቱ 6 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፤ ስፋቱ ግን 200 ሺህ እንኳ አይሞላም። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ማስመሪያዋን አስጠግታ ብዙ ካየች በኋላ፣ «የውጪው ጠርዝ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፤ ወደ ውስጥ ግን እየደበዘዘ ይሄዳል። ለምን?» አለች። ቀሪውን ጊዜ የወሰደው ይህ ጥያቄ ነው።

ሾኩ ያለው እዚያው ውጪው ጠርዝ ላይ ነው። ኤሌክትሮኖች በሾኩ ወዲህና ወዲያ እየተመላለሱ በየዙሩ ጉልበት ይጨምራሉ። ሁለት ልጆች የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬት ይዘው እየተቀራረቡ ኳሷን ሲያንጓት ፍጥነቷ እንዴት እንደሚጨምር አሳዩን። ጉልበት ያገኙት ኤሌክትሮኖች በማግኔታዊ መስክ ዙሪያ እየተጠማዘዙ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃሉ፤ በለቀቁ ቁጥር ደግሞ ይደክማሉ። ቀድመው የሚደክሙት ጉልበተኞቹ ናቸው። ስለዚህ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠፋው ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ነው። ልጅቷ ይህን እንደሰማች በምስሉ ላይ በእርሳስ «አዲስ» እና «አሮጌ» ብላ ጻፈችበት። በጣም ነው የኮራሁባት።

የዓመቱ ክርክራችንም ከዚሁ የወጣ ነው። እነዚህ ሾኮች ደካሞች ናቸው፤ የብዙዎቹ ማክ ቁጥር (ፍጥነታቸው በጋዙ ውስጥ ካለው የድምፅ ፍጥነት ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚናገረው) ከ2 እስከ 3 ነው። ታዲያ ከተራው ጋዝ ኤሌክትሮን አንስተው ይህን ሁሉ ብርሃን ያወጣሉ? አንዱ ቡድን «ያወጣሉ» አለ። ሌላው፣ በጋላክሲዎች መሃል ያሉ ጥቁር ጉድጓዶች ቀድመው የረጩትን ኤሌክትሮን ሾኩ እንደገና ይቀሰቅሰዋል ሲል ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2017 አቤል 3411 እና 3412 በተባሉት ክላስተሮች ከጥቁር ጉድጓድ የተረጨ ኤሌክትሮን ሾኩ ጋ ደርሶ እንደገና ሲበራ መታየቱ ለሁለተኛው ቡድን ጥሩ ማስረጃ ስለሆነ፣ እኔም ወደዚያው አደላለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት የደቡብ አፍሪካው ሚርካት ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን የ115 ክላስተሮች ምስሎች እንጀምራለን። ለሁሉም ክፍት ናቸው። መግባት የምትፈልጉ የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ፊዚክስ ላብራቶሪ መጥታችሁ ተመዝገቡ።